አዘጋጁ ማነው?

በፊልሙ ውስጥ ሬሳው እኔ ነኝ። ከዚህ የምጀምረው ሰው ሁሉ ሲያገኘኝ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ስለሆነ ነው። ፊቴ አይታይም፤ ሳጥኑ ዝግ ነው። ውስጡ ያለሁት ግን እኔ ከበበው ነኝ፤ ሁለት ቀን ሙሉ ተሸክመውኛል። ስለ እኔ ይህ ይበቃል። ማውራት የፈለግሁት ስለ ቡዜ ነው።

ሀና ማርያም አካባቢ ቡዜን የማያውቅ የለም። የአባቷን ስም የሚያውቅ ግን አላጋጠመኝም፤ «ቡዜ ድንኳን» ነው የሚሏት። ድንኳን፣ ወንበር፣ ድስትና ሰሃን ታከራያለች። ከላፍቶ እስከ ጎፋ፣ ከጎፋ እስከ መካኒሳ ሰላሳ ዓመት ሙሉ ሰው የተዳረውም የተለቀሰለትም በእሷ ድንኳን ሥር ነው። እኔ አስራ ዘጠኙን ዓመት አብሬያት አለሁ። አይሱዙዋን እነዳለሁ፣ ድንኳን እተክላለሁ፣ እነቅላለሁ፣ ስትቆጣ እሰማለሁ። ከሁሉም የሚበዛው የመጨረሻው ነው።

ቡዜ ሥራ ላይ አትቀመጥም። «እስቲ አረፍ በይ» ሲሏት «ወንበሩ የእንግዳ ነው» ትላለች፤ ሌላ መልስ የላትም። የዛሬ ሰባት ዓመት ባሏ የሞተ ጊዜ እንኳ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ድንኳኑን ያስተከለችው ራሷ ናት። እሱ ቤት ውስጥ ተገንዞ እሷ ውጭ ምሰሶው ጠመመ ብላ እኔን ትቆጣኛለች። «ዛሬ እንኳ ግቢና ተቀመጪ» ብላት «ለቀስተኛውን ማን ሊያስተናግደው ነው?» አለችኝ። ከፊት ለቤተሰቡ ከተደረደሩት ወንበሮች አንዱ ሦስቱንም ቀን ባዶውን ነበር። የሷ ነበር። ሰዉም ሐዘንተኛዋ ወጥ ስታወጣለት እያየ በላ።

ዮኒ ደግሞ ሠርግ የሚቀርጽ የጎፋ ልጅ ነው። በየሠርጉ ስንገናኝ ከአፉ የምንሰማው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «እትዬ ቡዜ፣ ትንሽ ዞር ይበሉልኝ።» እሷም ዞር ትላለች። በዚህ ዓይነት ከስንት መቶ ሠርግ ቪዲዮ ዞር ብላለች። አንድ የመካኒሳ ሠርግ ላይ ክርኗ ከነትሪው ገብቶ የሙሽራዋ እናት ይሄ የማን እጅ ነው ብለው አስቆረጡት። ቡዜ ይህን ነገር አንድም ቀን አንስታ አታውቅም። ግን ዕቃ ልንሰበስብ በሄድንበት ቤት ቪዲዮው ተከፍቶ ካገኘችው በሩ ላይ ቆማ አንገቷን ታሰግጋለች። ራሷን እንደምትፈልግ ለማወቅ ጠንቋይ መሆን አያስፈልግም። እኔ ያኔ ሰሃን ስቆጥር ያላየሁ እመስላለሁ።

አምና ጥቅምት ላይ ይሄው ዮኒ ግቢያችን መጣ። ፊልም ጽፌያለሁ አለ። ላፍቶ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ይሞታል፣ ትልቁ ልጁ ለቅሶው ላይ ሳይመጣ ይቀራል፣ አለቀ። ይሄው ነው አልኩት፤ ይሄው ነው አለ። ምን አለህ አልነው፤ ካሜራ አለኝ አለ። ሌላስ? ሌላ የለም። የቸገረው ድንኳን፣ ሰማንያ ለቀስተኛ፣ የሬሳ ሳጥን፣ በየትኛውም በኩል ኮንዶሚኒየም የማይታይበት የገበሬ ግቢና የወረዳ ፈቃድ ነው። ከካሜራው በቀር ሁሉም ማለት ነው። ቡዜ ድስት እየፈተገች ነበር፤ ቀና ብላ «መቼ ነው?» አለችው።

ለምን እሺ እንዳለች እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም። እኔ እምቢ በይ ብዬ ነበር። ሠርግ ያለ ሙሽራ፣ ለቅሶ ያለ ሟች፣ ይሄ ሥራ ነው እንዴ አልኳት። ጆሮ አልሰጠችኝም።

በአስራ አንድ ቀን ሁሉም ሆነ። ከላፍቶ ወረድ ብሎ የኦቦ በንቲን ግቢ አገኘች፤ ኦቦ በንቲ በዚያ ሁሉ ሕንፃ መሃል ዛሬም ጤፍ የሚያበራዩ ሰው ናቸው። የጭድ ክምራቸው አንዱን ኮንዶሚኒየም ይጋርዳል፤ ሌላውን ቡዜ በድንኳን ጋረደችው። ሳጥኑን ከሳጥን ሻጭ ተዋሰች። ሰውየው በዕድሜው ሳጥን አውሶ አያውቅም፤ መልሶ የሚያመጣ ደንበኛም ገጥሞት ስለማያውቅ ምን ብሎ እንደሚያስፈርማት ግራ ገባው። ለቀስተኞቹን ያመጣችው ከእድራችን ነው። የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ሂርጳ ስብሰባ ላይ አስነገሩላት። ጋሽ ሂርጳ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ያዩትን ጽሑፍ ሁሉ ጮክ ብለው ያነባሉ። ታክሲ ውስጥ አጠገባችሁ ከተቀመጡ ከጎፋ እስከ ሀና ማርያም ያለውን የሱቅ ታፔላ በሙሉ ትሰማላችሁ።

ወረዳ አብሬያት ሄድኩ። ጸሐፊዋ ቅጹን አወጣችና «አዘጋጁ ማነው?» አለች። ቡዜ ትንሽ አሰበች። ድንኳኑን ማን አዘጋጀ? ሰዉን? ግቢውን? ሳጥኑን? «እኔ ነኝ» አለች። ወረቀቱ ማኅተም ተመቶበት ወጣ፤ «አዘጋጅ፦ ወ/ሮ ቡዜ ገዳ» ይላል። በላስቲክ ጠቅልላ ጉያዋ ውስጥ ከተተችው። ቤት እስክንደርስ ሦስት ጊዜ አውጥታ አየችው፤ እየነዳሁ ቆጠርኩ። እሑድ እድር ላይ ይዛው ሄደች፣ ጋሽ ሂርጳ ጮክ ብለው አነበቡላት፣ ሰው አጨበጨበ። ፊልሙ ሲያልቅ ስሜ ልክ እንደዚህ ተጽፎ ታያላችሁ አለቻቸው። ቡዜ ሰው ፊት የተናገረችው ነገር ቀርቶ አያውቅም። ድንኳን አመጣለሁ ካለች ድንኳኑ ይመጣል። ስለዚህ ጭንቀቱ የጀመረው ያን ዕለት ነው።

ዮኒ ወረቀቱን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። በእኛ ሙያ አዘጋጅ የሚባለው ዳይሬክተሩ ነው አለ፤ ተዋናዩን እንዲህ ቁም፣ እንዲህ ተናገር የሚለው፣ ካሜራው ከየት ሆኖ ምኑን እንደሚያይ የሚወስነው። ሰዉን፣ ዕቃውን፣ ፈቃዱን፣ ወጪውን፣ ምግቡን የሚያሰናዳው ደግሞ ፕሮዲዩሰር ነው። ቲያትር ቤቱም ፊልሙም የሚጽፈው እንዲህ ነው፣ እኔ ያመጣሁት አይደለም አለ።

«አንተ ምን አዘጋጀህ?» አለችው ቡዜ።

በእጁ የያዘው ውሃ እንኳ የኛ ነበር።

ፕሮዲዩሰር በአማርኛ ምን ማለት እንደሆነ ጋሽ ሂርጳን ጠየቅናቸው። ቃል በቃል አምራች ማለት ነው አሉ። ቡዜ የዘይት ፋብሪካ ነኝ እንዴ ብላ ጥላቸው ገባች። እኔ ዮኒን ጥፋተኛ ለማድረግ በጣም ፈልጌ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን አሳዘነኝ። ስድስት ዓመት የሰው ሠርግ ሲቀርጽ የከረመው ለዚያች አንዲት ቃል ነው። የገዛ እናቱ ሳይቀሩ «ፎቶ አንሺው ልጄ» ነው የሚሉት። ቃሉ አንድ፣ ፈላጊው ሁለት። አይሱዙው ውስጥ ከጎኔ ተቀምጠው ሲጨቃጨቁ፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፣ መጀመሪያ ፊልሙ ይቀረጽ አልኳቸው። ብልህ ሆኜ አይደለም፤ መንዳት አቃተኝ።

የሁለቱን ሥራ የለየሁት ቀረጻው ላይ ነው። ዮኒ ሳጥኑ ውስጥ ሰው ይግባ አለ። ክዳኑ ይዘጋል አይደል አልኩት፤ አዎ አለ። ታዲያ ድንጋይ አይከተትበትም? የተሸካሚ ትከሻ ሰውና ድንጋይ ይለያል፣ አካሄዱ ላይ ይታወቃል አለኝ። ሌላው ሰው በሙሉ ሟርት ነው ብሎ እምቢ ስላለ እኔ ገባሁ። ባለቤቴ ንግስትም ሟርት ነው ብላ ሦስት ቀን ዘጋችኝ፤ በቁምህ ተገነዝክ አለችኝ፤ እሱን ተዉት። እንግዲህ እኔን ሳጥን ውስጥ ያስገባኝ ዮኒ ነው። ከጎኑ መተንፈሻ ቀዳዳ ያስበሳችልኝ ደግሞ ቡዜ ናት። ዳይሬክተርና ፕሮዲዩሰር ምንና ምን ናቸው ለሚለኝ ሰው እኔ የማውቀው ይህንን ነው። ሳጥን ሻጩ የተበሳ ሳጥን አልረከብም ስላለ አሁንም ዕቃ ቤታችን አለ፤ ሰሃን እናስቀምጥበታለን።

ቀጥሎ የምግብ ጣጣ መጣ። በቡዜ ድንኳን ሥር ሰው ጦሙን ተቀምጦ አያውቅም። ለቀስተኞቹን ገና በጠዋቱ አበላቻቸው። ሰማንያ የጠገበ ሰው ደግሞ ይጫወታል እንጂ አያለቅስም። ዮኒ ዝም ብላችሁ ተክዙ ቢላቸው አንዷ የመካኒሳ ሴትዮ ስለ ልጇ ሠርግ ታወራ ጀመር። ሊያለቅስ የደረሰው እሱ ብቻ ነበር። እትዬ ቡዜ ሰዉን አጠገቡብኝ አለ። እሷም የተራበ ሰው አላስለቅስም አለች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ ጨጓራ ከሞላ ግን ይገዳል። ማታ ተነጋግረው በማግስቱ ምሳው ከለቅሶው በኋላ እንዲሆን ተስማሙ። ቡዜ ወጡን ከድንኳኑ ጀርባ ጣደችው፣ ሽታው ሰዉ ጋ ደረሰ፣ ዮኒ እንጀምር ሲል እንደዚያ ያለ ለቅሶ በኦቦ በንቲ ግቢ ተለቅሶ አያውቅም። እኔ ራሴ ሳጥኑ ውስጥ ሆኜ ለሟቹ አዘንኩ።

ትልቁ ጠብ ግን የወንበሩ ነው። ዮኒ ከቤተሰቡ ረድፍ መጨረሻ አንድ ወንበር ባዶ እንዲቀር ፈለገ። ቡዜ ባዶ ወንበር ስታይ ሰው አምጥታ አስቀመጠችበት። ዮኒ ሰውየውን አስነሳው። ቡዜ ሌላ ሰው አስቀመጠች። እሱ ያስነሳል፣ እሷ ታስቀምጣለች፣ እኔን የተሸከሙት ሰዎች ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው እየቀየሩኝ ያጉረመርማሉ። ይህን ሁሉ ያየሁት በቀዳዳው ነው።

«እትዬ ቡዜ፣ ወንበሩ ባዶ እንዲሆን ነው የፈለግሁት» አላት በመጨረሻ።

«ሰው ቆሞ ወንበር ባዶ? ምን ዓይነት አስተናጋጅ ናት ሊሉኝ ነው?»

አልተቆጣም። እስቲ ይምጡ ብሎ ካሜራው ጋ ወሰዳትና በትንሿ መስታወት አሳያት። ተሸካሚዎቹ ሰልችቷቸው አውርደውኝ ስለነበር እኔም ወገቤን እያፍታታሁ ሄጄ አየሁ። ድንኳኑ ሙሉ ነው፣ ሰዉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ተደርድሯል፣ ዓይን ግን ያን ሁሉ አልፎ የሚሄደው ወደ አንዱ ባዶ ወንበር ነው። ቡዜ የማን ነው አለችው። የልጁ ነው፣ የቀረው ልጅ ወንበር ነው አላት። ሌላ ነገር አልጠየቀችም። እኔ ግን ያን ወንበር ከሰባት ዓመት በፊት ጀምሮ አውቀዋለሁ። ሳይለምኑኝ ተመልሼ ሳጥኑ ውስጥ ገባሁ።

ከዚያ ወዲያ ስለ አዘጋጅነቱ አላነሳችም። ዮኒ ጎፋ ቤቱን ዘግቶ ፊልሙን ሲቆራርጥና ሲቀጥል ወራት አለፉ። እድር ላይ ስምሽ መቼ ነው የሚታየው ሲሏት ይደርሳል ትላለች። አንድ ቀን ግን መኪና ውስጥ፣ ከየትም ተነስታ፣ «ልጁ እውነቱን ነው፣ ቃሉ የእሱ ነው» አለችኝ። «ለሰዉ ምን እንደምል ነው የጨነቀኝ።» ቡዜ ጨነቀኝ ስትል ሰምቼ አላውቅም። ዝናብ ድንኳን ሲጥል እንኳ ገመድ አምጡ ነው የምትለው። ለዮኒ እንዳልነግረው አስማለችኝ።

በማግስቱ ሄጄ ነገርኩት። የንስሐ አባቴ ይህን ያውቃሉ።

ዮኒ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ ሰማኝ። እሺ፣ እኔ የሠራሁትን ታዲያ ምን ልበለው አለኝ። ምኑን አውቄው፣ እኔ ሬሳ ነኝ አልኩት። ሲለምነኝ ጊዜ፣ እሷ ሰማንያ ወንበር አመጣች፣ አንተ አንዱን ባዶ አስቀረህ፣ የማውቀው ይህን ነው አልኩትና ተነሳሁ። ብዕር ፈልጎ ጻፈው። ሰው የተናገርኩትን ሲጽፍብኝ አልወድም።

ፊልሙ ሰኔ ውስጥ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በእድሩ አዳራሽ ታየ። ወንበሩ የቡዜ ነው፤ መስኮቱ ላይ ተሰቅሎ ብርሃኑን የከለለው የድንኳን ሸራም የሷ ነው። ፊልም ሲያልቅ የሠራተኞቹ ስም ሳይወጣ ሰው ተነስቶ እንደሚሄድ የታወቀ ነው። ቡዜ ግን ከኦቦ በንቲ ግቢ አንድ ነገር ተምራ መጥታለች። ምግቡ ከስሙ በኋላ ነው አለች፤ ሽታው እንዲገባ አንዱን በር ገርበብ አደረገችው። «አምራች ተብዬ በፋብሪካ በኩልም ቢሆን ስሜን ሳያዩ አይሄዱም» አለችኝ። ጋሽ ሂርጳ ከፊት አጠገባቸው ወንበር ይዘውላት ነበር። አልተቀመጠችበትም። መጀመሪያ ሰሃኑ አልደረሰም አለች፣ ቀጥሎ ውሃው።

ፊልሙ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው መብራት ጠፋ። የደነገጠ ሰው የለም። ቡዜ ጄነሬተሩን ከጠዋት ጀምሮ ጓሮ አሰናድታው ስለነበር ሄዳ አስነሳችው። ያ ጄነሬተር የነዳጅ መስጫውን አንድ ሰው በእጁ ይዞ ካልቆመ ይጠፋል፤ እጅ ለይቶ ከእሷና ከእኔ በቀር ለማንም አይታዘዝም። ፊልሙ ቀጠለ። እኔ አዳራሽ ውስጥ ሆኜ ተሸክመው ሲያወጡኝ እያየሁ ነበር። ለካ ዮኒ ልክ ነው፤ አካሄዳቸው ድንጋይ የተሸከመ ሰው አካሄድ አይደለም። ከዚያ ባዶው ወንበር መጣ። እኔ ዓይኔን ዝቅ ሳደርግ ከፊት ረድፍ ጋሽ ሂርጳ አጠገብ ያለው ወንበርም ባዶ ነው።

ዮኒ ከኋላ ቆሞ ነበር። እሱም አይቶታል። ሄዶ ፊልሙን አቆመው። ሰዉ አጉረመረመ፤ ሽታው እየገባ ነው፣ ርቦታል።

«አዘጋጇ ሳትገባ አይቀጥልም» አለ ዮኒ።

እኔ ወደ ጓሮ ሮጥኩ። በዚህ ዕድሜዬ ስሮጥ ማየት ለማንም አይመከርም። ቡዜ በነጠላዋ አፍንጫዋን ሸፍና መስጫውን ይዛ ቆማለች። ልቀቂልኝ ብላት አንተ ታጠፋዋለህ አለች። እጇን አንስቼ ቀማኋት። በአስራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ነገር ስቀማት የመጀመሪያዬ ነው። «ግቢና ተቀመጪ» አልኳት። ይህን ስላት ግን ሁለተኛዬ ነው። አየችኝ፣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ሄደች።

ስለዚህ መጨረሻውን አላየሁትም። የሰማሁትን ነው የምነግራችሁ። በሸራው በኩል የጋሽ ሂርጳ ድምፅ መጣ፤ ዕድሜ ይስጣቸው፣ ፊደል አይዘሉም።

«አዘጋጅ፦ ቡዜ ገዳ» አሉ። ትንፋሽ ወሰዱ። «ወንበሩን ባዶ ያስቀረ፦ ዮኒ በፍቃዱ።»

አንድ ሰው ሳቀ፤ ወዲያው ተወው። ከዚያ ጭብጨባው ጀመረ፣ የጄነሬተሩን ድምፅ ዋጠው። በኋላ እንደሰማሁት የዮኒ የሙያ ጓደኞች እንዲህ የሚባል የሥራ ድርሻ የለም ብለው ሲስቁበት ሰንብተዋል። ይሳቁ። እኔ ዓይኔ ለምን እንደቀላ ለጠየቀኝ ሁሉ ጭሱ ነው ብያለሁ፤ እዚህ ላይ ግን እውነቱን ልናገር፣ ነፋሱ ጭሱን ወደ አጥሩ ነበር የሚወስደው። የኔ ስም ሲነበብ ሰዉ ተነስቶ ወደ ምግቡ እየተጋፋ ነበር። «ሬሳ፦ ከበበው» የሚለውን የሰማነው ጋሽ ሂርጳና እኔ ብቻ ነን።

ትንሽ ቆይታ ቡዜ ወጣች። ነጠላዋን አስተካክላ ለብሳለች። ለምግቡ የተሰለፈውን ሰው ዞር ብላ እንኳ አላየችውም፤ በቀጥታ ወደኔ መጣች። አየሽው አልኳት። መስጫውን ከእጄ ተቀበለችኝ።

«ተቀምጬ አየሁት» አለችኝ።